አፕል ክረምቱ ሞቃት ወደሆነ አገር እንዴት ገባ? ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት



«አፕል የፈረንጅ አገር ፍሬ ነው፤ እኛ ጋ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ያገኛችሁትን የአፕል ችግኝ አምጥታችሁ ብትተክሉ፣ ሦስት አራት ዓመት ውኃ አጠጥታችሁ፣ ኮትኩታችሁ፣ አጥር አጥራችሁ መጨረሻ ላይ ቅጠል ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ግማሹ ግን ስህተት ነው። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ገበሬው አፕል ለቅሞ ገበያ ያወጣል። ጨንቻም ኢትዮጵያ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዋናው ልዩነት ዝርያው ነው። ዛሬ የዝርያውን ታሪክ ላውጋችሁ። ታሪኩን የሚያውቅ ገዢ በችግኝ በቀላሉ አይታለልም።

መጀመሪያ አፕል ብርድ ለምን እንደሚፈልግ እንይ። የአፕል ዛፍ በተፈጥሮው በረዶ የሚጥልበት አገር ልጅ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እምቡጡ የሚነቃው በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ ነው። ይህንን ባለሙያዎች በሰዓት ይቆጥሩታል፤ የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነበትን ሰዓት ይደምራሉ። ብዙዎቹ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች 800፣ 1000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። 1000 ሰዓት ማለት ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ከ40 ቀን በላይ ብርድ ነው። እኛ ጋ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላው ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ቀኑ ይሞቃል። ዛፉ እንቅልፉን አይጨርስም። እንቅልፉን ያልጨረሰ ዛፍ ደግሞ ወጥ ሆኖ አይነቃም፦ ቅርንጫፉ ራቁቱን ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል ያወጣል፣ አበባውም አንድ እዚህ አንድ እዚያ ይሆናል። ይህን ስታዩ አፈሩን ወይም እጃችሁን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ዝርያው ለእኛ አየር ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

ይህን ችግር የፈቱት ሰዎች ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ዛፍ ነው። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሙሊንስ በሚባል ገበሬ ማሳ ላይ ማንም ያልተከላት ቢጫ አፕል በቀለች። ፍሬዋ ጣፋጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ስታርክ የሚባሉ ችግኝ ነጋዴዎች ያቺን አንድ ዛፍ በ5000 ዶላር ገዙና ማንም ቅርንጫፍ ቆርጦ እንዳይወስድባቸው ዙሪያዋን በአጥር ዘጉባት። ስሟንም ጎልደን ዴሊሸስ አሏት። እሷ ራሷ የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነች። ልጆቿ ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

የመጀመሪያዋ ልጅ አና ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእስራኤል፣ አይን ሸመር በሚባል የኅብረት እርሻ፣ አባ ስታይን የሚባሉ ሰው ጎልደን ዴሊሸስን ቀይ ሀዳሲያ ከሚባል የዚያው አገር ሙቀት ከለመደ አፕል ጋር አዳቀሉ። ማዳቀል ማለት የአንዱን አበባ ዱቄት ወስዶ በሌላው አበባ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ የሚገኘውን ዘር መትከልና ከሚበቅለው መሃል የተሻለውን መምረጥ ነው። አፕል እስኪያፈራ ዓመታት ስለሚፈጅ ምርጫው ትዕግሥት ይጠይቃል። አና የጎልደን ዴሊሸስን ጣዕም፣ ሙቀት ከለመደው ወላጅ ደግሞ በትንሽ ብርድ የመንቃት ጠባይን ወረሰች። የምትፈልገው 300 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ሁለተኛዋ ዶርሴት ጎልደን ናት። የተገኘችው ባሃማስ በምትባለው ሞቃት የደሴቶች አገር፣ ናሶ ከተማ ውስጥ፣ አይሪን ዶርሴት በሚባሉ ሴት ግቢ ነው። እሷም የጎልደን ዴሊሸስ ልጅ እንደሆነች ይነገራል። ከዘር በቅላ ብርድ በማያውቅ ደሴት ላይ አፈራች።

እዚህ ላይ «ታዲያ እኔም ከገዛሁት አፕል ፍሬውን አውጥቼ ብተክል ምናለ?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአፕል ዘር እናቱን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዕጣ ነው። ዶርሴት ጎልደን ከብዙ ዘር መሃል የወጣች ዕድለኛ ናት። ተመራማሪ ብዙ ዘር ዘርቶ አብዛኛውን መጣል ይችላል፤ ሥራው ነው። እናንተ ግን መሬታችሁ ጥቂት፣ ዓመታችሁም ውድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዛፍ የሚባዛው በመክተብ ነው፦ የታወቀውን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ የአፕል ግንድ ላይ ማጣበቅ። እንዲህ ሲሆን ችግኙ ያው እናትየው ራሷ ነች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ጨንቻ በገብስ፣ በእንሰትና በሸማ ሥራ የሚታወቅ ደጋ ነው። አፕል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው። ገበሬው መክተብ ሲማር ሥራው ተስፋፋ። ዛሬ በአካባቢው ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል አና፣ ዶርሴት ጎልደንና ፕሪንሴሳ ይገኙበታል። ፕሪንሴሳ ደግሞ ብራዚል ውስጥ የተዳቀለች የአና ልጅ ናት። የጨንቻ ገበሬዎች ከፍሬው ሌላ የተከተበ ችግኝ ለሌላው አካባቢ በመሸጥም ገቢ አግኝተዋል። ልብ በሉ፦ እዚያ ገንዘብ ያመጣው አንዱ ነገር ስሙ የታወቀ ችግኝ ነው።

ዝርያው ብቻ ግን በቂ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ባቱ የሚባል ደጋ አለ፤ ብርድ የሚባል ወቅት የለውም። ገበሬዎቹ ምርቱን ከለቀሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው ያራግፋሉ። ዛፉ «ክረምቱ አለፈ» ብሎ ይመስል አዲስ አበባ ያወጣል። በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ስለዚህ የእጅ ሥራ የብርዱን ክፍተት በከፊል ሊሞላ ይችላል። እናንተም በትንሽ ብርድ የሚነቃ ዝርያ ይዛችሁ፣ ከለቀማ በኋላ ቅጠል ብታራግፉና ቀጥ ብለው የሚያድጉትን ቅርንጫፎች ወደ ጎን ብታጎብጡ አበባው ይሻሻላል። መጀመሪያ ግን በአንድ ዛፍ ላይ ሞክሩት፤ የተራቆተ ዛፍ ውኃ ሲያጥረው ይጎዳል።

ይህ መንገድ የአፕል ብቻ አይደለም። «ብሉቤሪ ይበቅላል ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁም መልሱ ተመሳሳይ ነው። ብሉቤሪ ከጫካ ወጥቶ የእርሻ ሰብል የሆነው በአሜሪካ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ያ ዝርያም የብርድ አገር ነበር። በኋላ ራልፍ ሻርፕ የሚባሉ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ሙቀት ከለመደና ቅጠሉን ከማያራግፍ የፍሎሪዳ የዱር ብሉቤሪ ጋር አዳቀሉት። ሁለቱ በቀላሉ አይዋለዱም ነበር። ሻርፕብሉ የሚባለው ዝርያ እስኪወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ወሰደ። በ1998 ደግሞ ቢሎክሲ የሚባል ወጣ፤ በፔሩ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ተተክሎ አገሪቱን ከብሉቤሪ ላኪዎች ተርታ አሰለፋት፤ ዛሬ ፔሩ ከዓለም ቀዳሚ ላኪ ሆናለች። ነገር ግን ብሉቤሪ ከብርድ ሌላ የአፈር ጠባይ ይመርጣል፤ ኮምጣጣ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። የእኛን የላፍቶና የአቃቂን ጥቁር መረሬ አይወድም። ስለዚህ አፈራችሁን ሳታስመረምሩ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

እንግዲህ ችግኝ ልትገዙ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «የዝርያው ስም ማን ነው?» ሻጩ «ቀዩ ነው፣ ጣፋጩ ነው» ካላችሁ ያ ስም አይደለም። ሁለተኛ፣ «የተከተበ ነው ወይስ ከዘር የበቀለ?» የተከተበ ከሆነ ከግንዱ በታች በኩል የተጣበቀበት ጠባሳ ይታያል፤ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ስትተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ «ጓደኛዋስ?» አና ብቻዋን ብዙም አታፈራም፤ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ፣ ለምሳሌ ዶርሴት ጎልደን፣ አጠገቧ መኖር አለበት። ንብ ካለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

የገዛችሁትን ስም በወረቀት ሳይሆን ዝናብ በማያጠፋው ነገር ላይ ጽፋችሁ ዛፉ ላይ እሰሩት። ነገ ጎረቤት ቅርንጫፍ ለምኖ ሲከትብ፣ ልጃችሁም ችግኝ ሲሸጥ፣ ስሙ አብሮ ይሄዳል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ አማክሩ፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም በደጋ ፍራፍሬ ላይ የሠራ ተቋም ነው።

ሌሎች ሰዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተው ያገኙትን ዝርያ እኛ በአንድ ጥያቄ ማግኘት እንችላለን። ስሙን ሳትጠይቁ አትግዙ። መልካም የተከላ ጊዜ!