ከባሕር የወጡት ሮኬቶች የሰጡት ምስክርነት

ከጠፈር ጉዞ መጀመሪያ አንሥቶ ሮኬት አንድ ጊዜ ተተኵሶ የሚጣል ዕቃ ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ አሜሪካኖች ያደረጉትን ሙከራ ብዙዎች የሚመዝኑት በገንዘብ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከባሕር ከወጣው ብረት ይልቅ ብረቱ የያዘው ምስክርነት ይበልጥ እንደ ነበር ማስረዳት ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

ስፔስ ሸትል የተባለችው መንኰራኵር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣችው ኤፕሪል 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። በግራና በቀኟ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ገፊ ሮኬቶች ነበሩ። እነዚህም ሁለት ደቂቃ ያህል ነደው ከመንኰራኵሯ ከተለዩ በኋላ በፓራሹት ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወርዳሉ። ባዶው ቀፎ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት በጅራቱ ውሃውን ይመታል፤ በውስጡ አየር ስለሚቀርም ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ጠላቂዎች የእሳት መውጫውን በውታፍ ደፍነው አየር ይነፉበታል፤ ውሃው ሲወጣለት ይጋደማል። ከዚያም ሊበርቲ ስታርና ፍሪደም ስታር የተባሉት መርከቦች እየጐተቱ ወደ ኬፕ ካናቬራል ያመጡታል። በዚያ ተፈታትቶ ከታጠበ በኋላ፥ ክፍሎቹ እንደ ገና ነዳጅ እንዲሞሉ በባቡር ወደ ዩታ ይላካሉ። ሥራው ሁልጊዜ አልተሳካም፤ በጁን 1982 ዓ.ም. ፓራሹቶቹ በሚገባ ስላልሠሩ ሁለቱም ሮኬቶች ሰጥመዋል።

የሮኬቱ ክፍሎች በሚገናኙበት መጋጠሚያ ትኩስ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚከለክሉ ሁለት ሁለት የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። በኖቬምበር 1981 ዓ.ም. ከሁለተኛው ጉዞ የተመለሰው ሮኬት ሲፈታ አንዱ ቀለበት በጋዝ ተበልቶ ተገኘ። ሮኬቱ ባሕር ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ይህን ማን ባወቀ ነበር? ደግሞም በጃንዋሪ 1985 ዓ.ም. በብርድ ከተደረገው ጉዞ በኋላ፥ የመጀመሪያውን ቀለበት ያለፈ ጥቁር ጥላሸት ታየ።

ይሁን እንጂ ቀለበቱ ተበልቶም መንኰራኵሯ በደኅና እየተመለሰች ስለ ነበር፥ ጕዳቱ የሚያስፈራ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተለመደ ነገር ተቈጠረ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ዓ.ም. ማታ የሮኬቱ ሠሪ የቲዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱን አይተው ጉዞው እንዲቆም መከሩ፤ አለቆቻቸው ግን ምክሩን ሻሩት። በማግሥቱ ቻሌንጀር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። መርማሪው ኮሚሲዮን ምክንያቱ የቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ መሆኑን በዚያው ዓመት አስታወቀ። መጋጠሚያው ሦስተኛ ቀለበት ተጨምሮበት ከተሻሻለ በኋላ ጉዞው በ1988 ዓ.ም. ቀጥሎ እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁለት ሆኗል። ስፔስ ኤክስ የተባለው ኩባንያ በኤፕሪል 2016 ዓ.ም. ሮኬቱን ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ መድረክ ቀጥ አድርጎ አሳረፈ፤ ያንኑ ሮኬት በማርች 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ አስነሣው። በአንጻሩ በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. የተነሣው አርቴሚስ አንድ፥ ቀድሞ በሸትል ያገለገሉ የብረት ቀፎዎችን ይዞ ሳለ፥ ቀፎዎቹ ለባሕር ተተዉ።

እንግዲህ ቀፎን ከባሕር ማውጣት ትርፉ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ቀፎው የነገረንን ሰምተናልን? ብሎም መጠየቅ ይገባዋል። በቻሌንጀር ታሪክ የጐደለው ማስረጃ አልነበረም፤ የጐደለው ማስረጃውን ተቀብሎ ሥራውን የሚያቆም ሰው ነበር።