የስሜን ተራሮች፤ ገደል የጠበቀው ሀብት

የአንድን አገር ታሪክ በሚገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የምድሩን አቀማመጥ ሊመረምር ይገባዋል። ጦር የተሰለፈበት ሜዳ፥ መንገደኛ ያለፈበት በር፥ የተሳደደ የተጠጋበት አምባ ሁሉ ምድሩ በፈቀደው ልክ የሆነ ነውና። ለዚህም ለእኛ ለጎንደር አካባቢ ሰዎች ከሁሉ የቀረበልን ምስክር የስሜን ተራራ ነው።

ከፀዳ ተነሥቶ በአዘዞና በጎንደር ከተማ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፥ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያም በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ምድሩ እያደገ ሄዶ ራስ ደጀን ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ይሆናል። በሰሜን በኩል ግን ደጋው በድንገት ይቆረጥና አስፈሪ ገደል ሆኖ ወደ ቆላው ይወርዳል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱን፥ በተከዜ ሸለቆ እንደሚታየው፥ የዚህ አገር የታችኛው ንጣፍ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ እየተደራረበ ፈሰሰበትና ጥቁሩ ድንጋይ ተከመረ። ከዚያም ዝናቡና ወንዙ ለብዙ ዘመን እየጠረቡ ዛሬ የምናየውን ገደልና አምባ አወጡት።

የስሜን ስም በታሪክ መዝገብ የገባው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ከአዱሊስ ገልብጦ ባቆየልን የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ውስጥ፥ ከወንዙ ማዶ በአመዳይና በበረዶ መካከል የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ድል እንደ ተደረጉ ተነግሯል። ኋላም ቤተ እስራኤላውያን በእነዚህ አምባዎች ተመሽገው ከነገሥታቱ ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግተዋል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ አገር ይገኛል። ካሳ ኃይሉ ውቤን በጦርነት ድል ካደረጉ በኋላ፥ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። በወልቀፊት በር የመሸገው የኢጣልያ ጦር ደግሞ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን ሳይሰጥ ቆይቷል። በየዘመኑ እንግዲህ ገደሉን የያዘ ሰው በገደሉ ሲጠበቅ ኖሯል።

ገደሉ የጠበቀው ግን ሰውን ብቻ አይደለም። በዓለም ሁሉ ከስሜን በቀር የማይገኘው ዋልያ፥ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው እስከ እኛ ዘመን የደረሱት በዚሁ መከታ ነው። ቀይ ቀበሮው በሊቃውንት ዘንድ የሚጠራበት ስም እንኳ ከስሜን የተወሰደ ነው። ነገር ግን ጠመንጃ በበዛ ጊዜ፥ እርሻውም ወደ ዳገቱ በወጣ ጊዜ፥ ገደሉ ብቻውን መከታ መሆን ተሳነው። ስለዚህም ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሆኖም በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ መውጣት ዋጋ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ልንዘነጋ አይገባንም። በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፥ አባቶቹ የኖሩበትን ርስት ትቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወርዷል። ገብስ ዘርቶ፥ በግ አርብቶ ይኖር የነበረ ገበሬ በከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዋልያውን እንጠብቃለን ስንል፥ ለዋልያው ስፍራ የለቀቀውን ሰው ኑሮ መደገፍም ዕዳችን ነው። በተራራው ዙሪያ ያለው ገበሬ ከፓርኩ ጥቅም የማያገኝ ከሆነ፥ ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ያለፉት ዓመታትም ይህንኑ ያስገነዝቡናል። በ2011 ዓ.ም. የተነሣው እሳት የጓሳውን ሣርና የአስታውን ደን ሲያወድም፥ ከእስራኤል ከመጡት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያጠፋው የአገሩ ሰው ነበር። የዋልያው ቁጥር በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ከጀመረው ጦርነት በኋላ ግን ጥበቃው ላልቶ ወደ 300 ገደማ አሽቆልቁሏል። ሰላም ሲጠፋ አስቀድሞ የሚሞተው መናገር የማይችለው ፍጥረት ነው።

እንግዲህ እኛ በመንግሥት ሥራ ያለን፥ በትምህርት ቤት የምናስተምርና የምንማር ሁሉ፥ ይህን ነገር ከልብ ልናስብበት ይገባናል። መምህሩ ተማሪውን ስለ ሩቅ አገር ተራሮች ከማስተማሩ በፊት ስለ ስሜን ያስተምረው፤ ሹሙም የፓርኩን ወሰን ሲያስከብር የገበሬውን ችግር አብሮ ይስማ። ገደሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰውንም አራዊትንም ሲጠብቅ ኖሯል፤ አሁን ግን ተራው የእኛ ነው።