የአሥራ አምስት ደቂቃ ጥበቃ፦ የትንፋሽ ምርመራ ታሪክና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጥያቄ

በ1938 የመጨረሻ ሌሊት፣ በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነዋሪዎች አዲሱን ዓመት ለመቀበል ሲደግሱ፣ የከተማው ፖሊሶች ከዚያ በፊት በአደባባይ ያልታየ ዕቃ ይዘው ይጠባበቁ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዕቃው የላስቲክ ፊኛ፣ የብርጭቆ ቱቦዎችና ሐምራዊ ፈሳሽ የያዘ ነበር። ስሙም «ድራንኮሜተር»፣ ማለትም የስካር መለኪያ ይባል ነበር። ስሙ ፈገግታን የሚያጭር ቢሆንም፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በጠጪ አሽከርካሪዎች ላይ የሚቀርበው ማስረጃ መልኩን ለውጧል። እስከዚያ ድረስ ዳኛው የሚሰማው የፖሊሱን ቃል ብቻ ነበርና፤ አፉ ይሸት ነበር፣ አረማመዱ ይንገዳገድ ነበር፣ ምላሱ ይተሳሰር ነበር የሚል። ተከሳሹ ደግሞ ሕመም ነው፣ ድካም ነው ይል ነበር። በሁለቱ ቃል መካከል የሚፈርድ ሦስተኛ ምስክር አልነበረም።

የመሣሪያው ፈጣሪ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ የነበሩት ሮላ ሀርገር ናቸው። ሐሳቡ ግን ከእርሳቸው ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ አንስቲ በ1874 ከተጠጣው አልኮል ጥቂቱ በትንፋሽ እንደሚወጣ አሳይተው ነበር። በ1927 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ሐኪሙ ኤሚል ቦገን የሰካራሞችን ትንፋሽ በኳስ ላስቲክ ውስጥ እያጠራቀሙ በሰልፊውሪክ አሲድና በፖታሲየም ዳይክሮሜት ውሕድ ውስጥ በማሳለፍ፣ የቀለሙን ለውጥ ከተዘጋጁ ናሙናዎች ጋር እያስተያዩ መጠኑን ለመገመት ሞክረዋል። የሀርገር ፈሳሽ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነበር፤ አልኮል ሲነካው ሐምራዊ ቀለሙ ይጠፋል። ከሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን በዚያው ዕቃ ውስጥ ከትንፋሹ ጋር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭምር ይመዘን የነበረ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ሀርገር ገና ከጅምሩ አንድ ችግር ተረድተው ነበር፤ ሰው «እፍ» ሲል የሚወጣው አየር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም።

ይህ ነጥብ የኋለኛው ክርክር ሁሉ ሥር ስለሆነ ማብራራት ያስፈልጋል። በሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች ውስጥ አየርና ደም የሚለያዩት እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ነው። በደም ውስጥ ያለ አልኮል በዚያ ሽፋን አልፎ ወደ አየሩ ይተናል። በእንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ስም በሚጠራው የ1803 ሕግ መሠረትም፣ በፈሳሹና በአየሩ መካከል ያለው ድርሻ በአንድ የሙቀት መጠን የጸና ነው። ሀርገርና ባልደረቦቻቸው ይህን ድርሻ 2,100 ለ1 ብለው ያዙት፤ 2,100 ሚሊሊትር የጥልቅ ሳንባ አየር የሚይዘው አልኮል አንድ ሚሊሊትር ደም ከሚይዘው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ደምን አይለካም፤ አየርን ለክቶ በስሌት ስለ ደም ይናገራል። አየሩ ከሳንባ ጥልቀት ሳይሆን ከአፍ የመጣ እንደሆነ ስሌቱ መሠረት የለውም።

የሀርገር መሣሪያ ለፖሊስ ጣቢያ አስቸጋሪ ነበር። ሚዛን ይፈልጋል፣ ስሌት ይፈልጋል። በ1954 ይህን ያቃለሉት ከእርሳቸው ጋር ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ቦርከንስታይን ናቸው። ቦርከንስታይን የኢንዲያና ክፍለ ሀገር ፖሊስ ባልደረባ ሲሆኑ፣ ሙያቸውን የጀመሩት በፎቶግራፍ ሥራ ነበር። የፎቶግራፍ ሰው መሆናቸው በሥራቸው ላይ ይታያል፤ ቀለሙን በዐይን ከመገመት ይልቅ በፈሳሹ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን በመሣሪያ ለኩት። «ብሬዝአላይዘር» የተባለው ይህ ዕቃ የትንፋሹን የመጨረሻ ክፍል ብቻ ያስቀራል፤ የመጀመሪያውን፣ ማለትም የአፍንና የጉሮሮን አየር፣ ያሳልፈዋል። እርሳቸው የመሩትና በ1964 የታተመው የግራንድ ራፒድስ ጥናትም፣ አደጋ የደረሰባቸውን በሺሕ የሚቈጠሩ አሽከርካሪዎች አደጋ ካልደረሰባቸው ጋር በማነጻጸር፣ የአልኮሉ መጠን ሲጨምር አደጋው እንዴት እንደሚያይል በቍጥር አስረዳ።

በአውሮፓ ሕጉ ቀደም ብሎ በቍጥር መናገር ጀምሮ ነበር። ኖርዌይ በ1936 በደም ውስጥ የሚፈቀደውን ልክ 0.05 በመቶ ብላ ወሰነች። የብሪታንያ የ1967 የመንገድ ደኅንነት ሕግ በ100 ሚሊሊትር ደም 80 ሚሊግራምን ወሰን ካደረገ በኋላ፣ በ1983 ትንፋሽ ራሱ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሲሆን ወሰኑ በ100 ሚሊሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮግራም ሆነ። ይህ ቍጥር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ሳያስተውሉ ማለፍ አይገባም። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮነኛ ነው። በመቶው 40 አልኮል የሆነ አረቄ አንዲት ጠብታ፣ ማለትም የሚሊሊትር ሃያኛ ያህሉ፣ ወደ 16,000 ማይክሮግራም አልኮል ይይዛል፤ ከዚያ ወሰን ከ400 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ባይተንም እንኳ፣ በምላስ ሥር የቀረ እርጥበት ሳንባውን ንጹሕ የሆነን ሰው ለጊዜው ሰካራም ሊያስመስለው ይችላል።

የአፍ አልኮል የሚባለው ይህ ነው። ምንጩ ብዙ ነው፤ ገና የተጨለጠ መጠጥ፣ የአፍ መጕመጥመጫ መድኃኒት፣ ከሆድ ተመልሶ የመጣ ግሳት፣ ኤታኖል ያለባቸው አንዳንድ የአስም መርጫዎች። የተገኘው መፍትሔ ከመሣሪያው ረቂቅነት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ተራ ነው፤ መጠበቅ። ምራቅና አየር ሽፋኑን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያጥቡት፣ ተመርማሪው ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳያጨስ፣ ሳያስመልስም ከመርማሪው ዐይን ሳይሰወር ይቈያል። ከዚያም ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ አንዱ የአፍ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ኩርት ዱቦውስኪ ይህን ሥርዐት በጽሑፎቻቸው አጥብቀው ሲያሳስቡ ኖረዋል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የፈሳሹ ኬሚስትሪ ለታሕተ ቀይ ጨረርና አልኮልን ወደ ኤሌክትሪክ ፍሰት ለሚለውጥ ሴል ቦታውን ለቀቀ። በኋለኛው በኩል የዌልስ ተወላጁ ቶም ፓሪ ጆንስ ስማቸው የታወቀ ነው። የጨረሩ መሣሪያዎች አልኮሉ በትንፋሹ ርዝመት እንዴት እንደሚወጣ ይከታተላሉ፤ የሳንባ አልኮል ቀስ በቀስ ይጨምርና ይረጋል፣ የአፍ አልኮል ግን በመጀመሪያ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሰውየው በሳንባውም በአፉም አልኮል ያለው እንደሆነ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው መሣሪያው ሊታለል ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ሰዓቱን አልተካም።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ተገንዝበዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ፖሊስ የትንፋሹን ናሙና ለተከሳሹ እንዲያስቀምጥ ሕገ መንግሥቱ አያስገድደውም ሲል፣ ተከሳሹ የመሣሪያውን መስተካከልና የመርማሪውን ስሕተት የሚሞግትበት ሌላ መንገድ እንዳለው አመልክቷል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በዚያ ክፍለ ሀገር የሚሠራበትን መሣሪያ የሚታመን ነው ብሎ ሲቀበል፣ የሃያ ደቂቃ ያልተቋረጠ ጥበቃን ከቅድመ ሁኔታዎቹ ቈጥሯል። ያው ፍርድ ቤት ከዐሥር ዓመት በኋላ ከ20,000 በላይ የሆኑ ምርመራዎችን ማስረጃነት ነሥቷል። ምክንያቱ የጨረሩ ወይም የሴሉ ጕድለት አልነበረም፤ መሣሪያዎቹ ሲስተካከሉ መደረግ የነበረበት የቴርሞሜትር ማረጋገጫ ሳይደረግ በመቅረቱ ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል በእርግጥ ሰክረው የነዱ መኖራቸው አያጠራጥርም፤ በደል የሌለባቸውም ይኖሩ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንዱን ከሌላው በትንፋሹ ቍጥር መለየት አልተቻለም።

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጥያቄ የመጣው በዚህ አሮጌ ክርክር ላይ ነው። ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ በ2003 ዘመናዊውን ዐይነት ከሠሩ ወዲህ፣ ትንባሆ ሳይነድ ፈሳሽ እየሞቀ የሚሳብበት ልማድ በዓለም ተሰራጭቷል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሲሆን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫዎች ይጨመሩበታል። ማጣፈጫዎቹ ብዙ ጊዜ በኤታኖል የሚሟሙ ስለሆኑ ጠርሙሱ አልኮል እንደያዘ ላይገለጽ ይችላል። የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበያ የሚገኙ 56 ፈሳሾችን መርምረው ኤታኖል በብዙዎቹ አግኝተዋል። ቈይቶም 20 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ፈሳሽ የሳቡ በጎ ፈቃደኞች ሲመረመሩ፣ ወዲያው በተወሰደው ትንፋሽ አልኮል ታይቷል፤ የጥበቃው ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ጠፍቷል።

ይህ ለምን እንደሆነ ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ በ1930ዎቹ ያቆዩት ስሌት ያስረዳል። በእርሱ መሠረት 70 ኪሎግራም የሚመዝን ወንድ የደሙ አልኮል 0.08 በመቶ እንዲደርስ 38 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል መቀበል አለበት። አንድ ጊዜ ሲሳብ አምስት ሚሊግራም ፈሳሽ ይተናል፣ ከዚያም አምስተኛው አልኮል ነው ቢባል፣ የሚገባው አንድ ሚሊግራም ነው፤ ለዚያ መጠን 38,000 ጊዜ መሳብ ሊያስፈልግ ነው፣ ያውም ጉበት ሥራውን አቁሞ ቢጠብቀው። አንድ ሚሊግራም ግን 1,000 ማይክሮግራም ነው። ደሙን ምንም የማያሰክር ነገር አፉን ለጥቂት ደቂቃ ሊከስሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ግን ከአፍ ጋር ብቻ አያበቃም። በየል ዩኒቨርሲቲ በ2016 የታተመ ጥናት 23.5 በመቶ አልኮል ያለበትን ፈሳሽ የሳቡ ሰዎች የስካር ስሜት ሳይሰማቸው፣ ከእነርሱ የአንዳንዶቹ ሽንት አልኮል ለመጠጣቱ ምልክት የሚባለውን ኤቲል ግሉኩሮናይድን አሳይቷል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሙያው ደንብ ከመጠጥ ለተከለከለ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሽንቱን አሥራ አምስት ደቂቃ ቢጠብቁት አይጠራምና።

በመንገድ ላይ አደጋው የሚታየው ጥበቃው በሚታለፍበት ቦታ ነው። ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ወዲያው የሚያስነፋው የእጅ መሣሪያ ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ይሁን እንጂ ሰውን ከመኪናው አውርዶ ጣቢያ የሚያደርሰው እርሱ ነው። አሽከርካሪው ካልነፋ ሞተሩ የማይነሣበት መቈለፊያ በተገጠመባቸው መኪኖችም፣ ከመንፋቱ በፊት የሳበ ሰው ያልጠጣውን መጠጥ ሊመዘገብበት ይችላል። ቈይቶ እንደገና መንፋት ይህን በአብዛኛው ያርመዋል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ግን ከመዝገቡ አይፋቅም።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትና መሸጥ በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ከልክሎታል። ክልከላው ግን የአፍ አልኮልን ጥያቄ አያስቀረውም። በአዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊስ በትንፋሽ መመርመሪያ መጠቀም ከጀመረ ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ ከጠጅ ቤት ወይም ከግሮሰሪ ገና ወጥቶ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ የሚቆም አሽከርካሪ መለኪያውን የሚነፋው የመጨረሻው ጕንጭ ከአፉ ሳይደርቅ ነው። የጠጣው አንድ ብርሌ ይሁን አምስት፣ በዚያች ደቂቃ በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚታየው ቍጥር ብቻውን ሊነግር አይችልም።