ውሃ ያገላበጡ እጆች

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ቨርጂኒያን የመታው ማዕበል መብራት አጠፋብን። ሳሎናችን ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለ። ኮራል ያለበት ውሃ መንቀሳቀሱን ካቆመ ኦክስጅኑ በሰዓታት ውስጥ ይመናመናል፤ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ኮራሎቹም ይኮማተራሉ። ፓምፑ ቀጥ ሲል ጣሳ አንስቼ ውሃውን እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ። ባለቤቴ ባትሪ አብርታ መጣች። ትንሽ አየችኝና፣ “ለልጅ ሻይ የምታበርድ ትመስላለህ። በል ተኛ፣ እኔ ልተካህ” አለችኝ። እስኪነጋ እየተፈራረቅን አገላበጥነው።

ስለ ወይዘሮ አና ቲን ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ታሪካቸው የገባኝ ግን ያን ሌሊት፣ ክንዴ ዝሎ ነው።

ወይዘሮ አና የሎንዶኑ ዌስትሚኒስተር አቢ ቄስ ባለቤት ነበሩ። በ1846 መኸር ላይ፣ ቶርኪ በምትባል የደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትናንሽ ኮራሎች አገኙና ወደ ቤታቸው ይዘው ሊመለሱ አሰቡ። በመንገድ እንዳይጋጩባቸው በመርፌና በክር ትልቅ ስፖንጅ ላይ ሰፏቸው፤ የባሕር ውሃ በሞላ ማሰሮ ከተው ሎንዶን አደረሷቸው። ዛሬ እኛ ጨው በባልዲ ገዝተን በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል እንበጠብጣለን። እሳቸው የነበራቸው ከባሕር የመጣው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ነበር። ስለዚህ አንዴ ያገለገለው ውሃ አይደፋም። ክፍት መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ለግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለ45 ደቂቃ ይገላበጥና አየር ጠጥቶ ወደ ኮራሎቹ ይመለሳል።

ያገላበጠችው የቤት ሠራተኛቸው ናት። ወይዘሮዋ በ1859 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራው አድካሚ መሆኑን አምነዋል፤ ልጅቷ ግን እንደ ጨዋታ ታየው እንደነበር ገልጸዋል። ስሟን አልጻፉም። እኔ ባለቤቴ እያገዘችኝ አንድ ሌሊት ሠርቼዋለሁ፣ ጨዋታ አይደለም። ኮራሎቹ ከባሕር ርቀው ሎንዶን ውስጥ ለዓመታት የኖሩት በዚያች ልጅ ክንድ ነው። የዚህን ሙያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእሷ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

በ1847 ጸደይ ወይዘሮዋ የባሕር አረም ጨመሩበት። በ1850 ደግሞ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የሎንዶን ኬሚስት ዓሣ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ አኑሮ እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ አሳየ፤ ዓሣው የተነፈሰውን ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ የሚሰጠውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል። በ1853 የሎንዶን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ “አኳሪየም” የሚለውን ስም በርዕሱ የያዘ መጽሐፍ አወጣ፤ የሀብታም ሳሎን ሁሉ መስታወት ገንዳ ያምረው ጀመር። ሰው ቅርጫቱን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያያቸው የዳርቻ ኩሬዎች በሰብሳቢ ብዛት መራቆታቸውን በሐዘን አስፍሯል። አባትየው ባሕሩን የሚወድ ሰው ነበር፤ ያስወደደው ነገር ግን በእሱው መጽሐፍ ምክንያት ተበላ።

ያደግሁት ምጽዋ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ልስኑ በተላጠበት ቦታ ጣታችንን ስናሳልፍ ኮከብ ኮከብ የሚመስል ቅርጽ ይቆረቁረናል። እያንዳንዷ ኮከብ የአንድ እንስሳ ማደሪያ እንደነበረች ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የእኛን ሙያ የቀየረውም ድንጋይ ነው። ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኢንግ በ1961 ዘዴውን ለዓለም ጻፈ፦ ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ፣ የባሕር ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የአየር አረፋ። ሌላ ማጣሪያ የለም። በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አየር የማይደርሳቸው ውስጠኞቹ ደግሞ ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ያበንኑታል። አዲስ ገንዳ ሠርቶ በሳምንቱ ዓሣ የሚያስገባ ሰው ዓሣው የሚሞትበት እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና ስላልበዙ ነው። ለዚህ ነው ጀማሪ ሲያማክረኝ “ታገሥ” የምለው።

ፀሐይ በሌለበት አውሮፓ የቀረውን ጀርመኖችና ሆላንዶች ሞሉት። በ1970ዎቹ ፔተር ቪልከንስ የተባለ ኮራል አሳዳጊ ኮራሉ አጥንት እንዲሠራ የኖራ ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግን አስተማረ፤ ኃይለኛ መብራትም መጣ። በ1986 ጆርጅ ስሚት በተከታታይ የመጽሔት ጽሑፎች ይህን የኮራል አያያዝ አሜሪካ አስገባው።

ከሁሉም ግን ልቤ የሚያደላው በርሊን ውስጥ ለሆነው ነው። ዲትሪኽ ስቱበር የተባለ ኮራል አሳዳጊ በ1980ዎቹ ቤቱ ያሳደጋትን አክሮፖራ የምትባል ኮራል እየቆራረጠ ለሌሎች ሰጠ፤ የተቀበሉትም አሳድገው ለሌሎች አካፈሉ። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ብዙ አገር ደረሰች፤ እስከ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ለጎስ ዘመን ቅርጫት መልሱ ይኸው ነው። የትንሽ ጣት የምታህል ቅርንጫፍ ትቆረጣለች፣ በሱፐር ግሉ ክብ ሲሚንቶ ላይ ትጣበቃለች፣ በሳምንታት ውስጥ ሥሯ ሰፍቶ ሲሚንቶውን ይይዛል። ባሕሩ አይነካም።

ከእኔም ገንዳ ቅርንጫፍ ለሚፈልግ እሰጣለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። አደራ የምለው ሁለት ነገር ነው። ስታድግ ቆርጣችሁ ለሌላ ስጡ። ገንዳውን ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ።