«የእንክብል ምድጃ»፤ የአንድ መሣሪያ ስያሜና የሁለት ዕቃዎች ምርጫ

በአሜሪካ አገር በብዙ ቤቶች ጓሮ የሚታይ፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገዝተው የሚገለገሉበት፣ በቋንቋችን ግን እስካሁን የራሱ ስም ሳይወጣለት «ፔሌት ግሪል» እየተባለ የሚጠራ አንድ የማብሰያ መሣሪያ አለ። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን «የእንክብል ምድጃ» ብንለው ይሻላል የሚል ሐሳብ ያቀርባል፤ ምክንያቱንም ከቃሉ ፍችና ከመሣሪያው ጠባይ አንሥቶ ያስረዳል። ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው፤ ሰባት ዓመት ያገለገለው ምድጃ፣ እሳቱ የሚነድበት ዕቃ በዝገት ተበልቶ ቢበሳበት፣ በምትኩ ሊገዛ ካያቸው፣ በዋጋም በቁመናም መንታ ከሚመስሉ ሁለት ምድጃዎች የትኛውን ልውሰድ ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ከስሙ ውስጥ ነው፤ ዕቃ በትክክል ሲጠራ ዐይን ሊመለከተው ወደሚገባው ስፍራ ይሄዳልና።

ከፊተኛው ቃል እንጀምር። «ፔሌት» የሚባለው ከዕንጨት መሰንጠቂያ የሚወጣው ሰጋቱራ ደርቆና ደቅቆ፣ በብርቱ ግፊት በጠባብ የብረት ቀዳዳ ካለፈ በኋላ የሚገኝ፣ ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ አጭር ድብልብል ነገር ነው። በግፊቱ ጊዜ በሚፈጠረው ሙቀት፣ በዕንጨቱ ባሕርይ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ለስልሶ፣ ሲቀዘቅዝም ጠንክሮ ብናኙን ስለሚያያይዘው ሌላ ማጣበቂያ አያሻውም። ለዚህ ነገር «ጠጠር» ብንል ድንጋይ ይመስላል፤ «ቅንጣት» ብንል ትንሽነቱን እንጂ መጨመቁን አይነግረንም፤ «እንክብል» ግን፣ የመድኃኒት ዱቄት ተጨምቆ የሚዋጥ ፍሬ ሲሆን የምንጠራበት ቃል ስለ ሆነ፣ ብናኝ የነበረው በኀይል ተጨምቆ አንድ አካል መሆኑን በአጭሩ ይገልጣል። ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይምታታ፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የዕንጨት እንክብል» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ቃል «ግሪል» ከዚህ የበለጠ ያከራክራል። ብዙ ሰው ወዲያው «መጥበሻ» ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን መጥበሻ በቤታችን ሽንኩርቱና ቅቤው የሚቁላላበት፣ ጥብሱም የሚንጫጫበት ብረት ድስት ነው፤ በፍም ላይ ሥጋ የሚዘረጋበት ፍርግርግ ነው ብንል እንኳ ይህ መሣሪያ ከዚያም ይለያል። በእሳቱና በሥጋው መካከል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተዘርግቶ ነበልባሉን ይከለክላል፤ የሚያበስለው የነበልባሉ ምላስ ሳይሆን በክዳኑ ሥር የሚዘዋወረው ትኩስ አየርና ጢስ ነው፤ የብዙዎቹም ከፍተኛ ሙቀት ከ230 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ያበቃል። ስለዚህ መጥበሻ ብሎ የገዛው ሰው፣ ሥጋው በፍም ላይ እንደ ተለበለበ ሆኖ ባይወጣለት፣ ያሳሳተው ዕቃው ሳይሆን ስሙ ነው።

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ስም «ማጠኛ» ነው፤ ይህም ከልብ የሚወደድ ስም ነው። እናቶቻችን የወተቱን ቅልና የጠላውን ጋን በወይራ ጢስ ሲያጥኑ ኖረዋል፤ ግሱም ዐጠነ ከሚለው ከግዕዙ ወርዶ ዕጣንንና ማዕጠንትን የሚያዛምድ፣ ጢስ መዓዛን ተሸክሞ ወደ ሌላ አካል እንደሚያድር የሚያስተምር ጥንታዊ ቃል ነው። ነገር ግን ይኸው መሣሪያ ዳቦ ይጋግራል፣ ዶሮ ያበስላል፣ አትክልትም ያበስላል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠንም ጢሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ እንግዲህ «ማጠኛ» የሚለው ስም ከሥራው ከፊሉን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ግሱን ለድርጊቱ ትተን «ሥጋውን አጠነው» እያልን፣ ዕቃውን ግን ብዙ ዐይነት መብል የሚበስልበትን የእሳት ስፍራ በሚያመለክተው በ«ምድጃ» ብንጠራው፣ ከእንክብሉ ጋር ተዛምዶ «የእንክብል ምድጃ» የሚል ምሉዕ ስም ይሆናል።

አሠራሩም በራሳችን ቃላት ሊነገር ይችላል። በጎኑ እንክብሉ የሚጠራቀምበት ጎተራ አለ፤ ከጎተራው ሥር ጠመዝማዛ ዘንግ በኤሌክትሪክ እየዞረ እንክብሉን ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ጽዋ ያደርሳል፤ በጽዋው ውስጥ ለኳሽ ዘንግ ግሎ የመጀመሪያውን እሳት ያቀጣጥላል፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚያገለግል ማራገቢያም አየር እየነፋ ነበልባሉን ያበረታል። ከነዚህ ሁሉ በላይ ሙቀቱን እየለካ «መግብ» ወይም «ቁም» እያለ የሚያዝዝ ተቆጣጣሪ አለ። ለኳሹ በሚግልባቸው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወደ 300 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ይበቃዋል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የእንክብሉ ምገባም ይቋረጣልና እሳቱ ይሞታል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ለ120 ቮልት ስለ ሆነም፣ 220 ቮልት ወዳለበት ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሁለት ምድጃዎች እንደ መንታ የሚመሳሰሉበት ምክንያት በታሪካቸው ይገኛል። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ የዕንጨት እንክብል ለቤት ማሞቂያ ተፈላጊ ሆነ፤ በኦሪገን ግዛት ማውንት ኤንጀል በምትባል ከተማ በማሞቂያ ሥራ ይተዳደር የነበረው ጆ ትሬገርም ይህንኑ እንክብል ለማብሰያ አውሎ የመጀመሪያውን ምድጃ በ1985 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ በተከታዩ ዓመትም የፈጠራ መብት አገኘበት። ያ መብት በ2006 ሲያበቃ ሌሎች ሠሪዎች በዚያው ሐሳብ ተሠማሩ፤ ስለዚህ ዛሬ በገበያ የተሰለፉት ብዙዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ልዩነታቸውም ከክዳኑ ቀለም ይልቅ እሳቱን በሚመግበውና በሚይዘው ክፍል ተሰውሯል።

አሁን ወደ ወዳጄ ሁለት ምድጃዎች እንመለስ። የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ሰፋ ያለ ነበር፤ ነገር ግን የስፋቱ ቁጥር የላይኛውን ትንሽ መደርደሪያ ከታችኛው ጋር ደምሮ የተገኘ በመሆኑ፣ ትልቅ ፍርምባ የሚተኛበት የታችኛው ፍርግርግ ብቻውን ሲለካ የሁለቱ ልዩነት ከንቱ ሆነ። ተቆጣጣሪው ደግሞ በጊዜ የሚሠራ ነው፤ ይኸውም ለ15 ሴኮንድ ያህል መግቦ ከአንድ ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ የሚያርፍ፣ ነፋስና ብርድ ሲመጣ ሙቀቱ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ነው። የሁለተኛው ተቆጣጣሪ ግን ባለሞያዎች «ፒ አይ ዲ» የሚሉት፣ ሙቀቱ ከታዘዘለት ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ራቀና በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደ ሆነ ዘወትር እያሰላ የእንክብሉን ምገባ የሚያስተካክል ነው። ጽዋው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን አመዱም ፍርግርጉንና ሰሌዳውን ማንሣት ሳያስፈልግ ከሥር ይወጣል።

እውነትን ለመናገር የመጀመሪያውም የራሱ ደጋፊ አለው፤ እሳቱ ሲዋልል እንክብሉ አንዳንዴ እየታፈነ ስለሚጤስ ጠንከር ያለ የጢስ ጣዕም የሚወዱ ሰዎች ይመርጡታል፤ የጸና እሳት ግን ጠርቶ ስለሚነድ ጢሱ ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ጢስ የሚበዛው በዝቅተኛ ሙቀት ነውና፣ 107 ዲግሪ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚታጠን ሥጋ በሁለተኛውም መዓዛውን አያጣም። ወዳጄን የጎዳው ደግሞ የጢስ ማነስ አልነበረም፤ በጽዋው ሥር ሳይጠረግ የከረመ አመድ እርጥበት ስቦ ብረቱን በልቶበት ነው። ስለዚህ ምትክ የሚገዛ ሰው አዲሱ ምን ይጨምርልኛል ከማለቱ በፊት አሮጌው በምን ሞተ ብሎ ይጠይቅ፤ ዋስትናው ጽዋውንና ተቆጣጣሪውን ይሸፍን እንደ ሆነ፣ የሚያልቀው ለኳሽ ዘንግም ለብቻው ይሸጥ እንደ ሆነ ያረጋግጥ። በዚህ ሚዛን ሁለተኛውን እንዲወስድ መከርሁት፤ እርሱም ወሰደው።

ስለ እንክብሉም አንድ ቃል ልጨምር፤ ምድጃው ያለ እርሱ ባዶ ነውና። ለቤት ማሞቂያ የተሠራው እንክብል ከምን ዕንጨት እንደ ተገኘ ስለማይታወቅ ለምግብ አይሆንም፤ ለምግብ የሚሆነው ከኦክ፣ ከሂከሪ፣ ከቼሪ፣ ከፖም ዛፍና ከመሰሎቹ ጠንካራ ዕንጨቶች የሚሠራው ነው። ውሃ ሲነካው አብጦ ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል፤ ጠመዝማዛውንም ይዘጋል፤ ስለዚህ በተከደነ ዕቃ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። በዝቅተኛ ሙቀት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚበላ፣ 8 ኪሎ የሚይዝ ጎተራ አንድ ሌሊት ያሳልፋል።

ያ ሌሊት ለወዳጄ የትንሣኤ ዋዜማ ሆነለት። ፍርምባውን በቅዳሜ ምሽት አስገባ፤ እሳት ያለ ጠባቂ አይተውምና ቤተ ሰቡ ተራ ገብቶ፣ ከፊሉ ለሥርዐተ ሌሊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ከፊሉ ቀረ። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት እናቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከጓሮው የሚወጣውን ጢስ አሽትተው፣

«ልጄ፣ ይህ ምንድር ነው?» ቢሉት፣

«የእንክብል ምድጃ ነው፣ እማዬ፤ ሰጋቱራ ተጨምቆ እንክብል ይሆናል፣ እርሱ ይነዳል» አላቸው።

እርሳቸውም ስለ ዋጋው፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለሚያብረቀርቀው ክዳኑም ሳይጠይቁ፣

«እንክብሉስ የምን ዕንጨት ነው?» አሉት።

ቅል ሲያጥኑ የኖሩ እናት፣ ስሙን በሰሙ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ጠየቁ። «ፔሌት ግሪል» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ጥያቄያቸው በምላሳቸው ላይ በቀረ ነበር።