ቀባሪ ላጡት የቆሙ 200 ግንዶች

ውድ ዕድርተኞች፣ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻንም። ይህ ጽሑፋችን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ ስለሆነው ሠዓሊ ስለ ዴቪድ ማላንጊ ነው።

ማላንጊ እ.ኤ.አ. በ1927 በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ ተወለደ። በዛፍ ቅርፊት ላይ ይሥል ነበር። በእባብ ተነድፎ የሞተን የጥንት አዳኝ የቀብር ሥርዓት የሚያሳየውን ሥዕሉን የአገሪቱ ባንክ በ1966 በአንድ ዶላር ኖት ላይ አወጣው፤ ባለቤቱን ግን የጠየቀ የለም! ነገሩ ሲታወቅ አንድ ሺህ ዶላር፣ ሜዳሊያና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሰጡት። (የማጥመጃው ነገር እኛንም ገርሞናል።)

በአገሩ ልማድ የሟች አፅም የሚያርፈው ምስጥ ውስጡን በበላው፣ የጎሣ ሥዕል ባለበት ግንድ ውስጥ ነው። በ1988 አውስትራሊያ የነጮችን ሠፈራ 200ኛ ዓመት ስታከብር፣ የራሚንጊኒንግና የአካባቢው 43 ሠዓሊዎች፣ ማላንጊም ጭምር፣ ለየዓመቱ አንድ አንድ ግንድ ሣሉ። ሐሳቡን ያመጣው የመንደሩ የሥነ ጥበብ ማዕከል አማካሪ ጆን መንዲን ነው። ግንዶቹ አገራቸውን ሲከላከሉ ወድቀው ወግ ያለው ቀብር ላላገኙት መታሰቢያ ናቸው፤ ውስጣቸው አፅም የለም።

ማላንጊ በ1999 ዐረፈ። ግንዶቹ ዛሬም በካንቤራ ብሔራዊ ጋለሪ፣ በየጎሣቸው አገር ተራ፣ የግላይድን ወንዝ አካሄድ ተከትለው ቆመዋል።