የኋላ ቸርኬና የሞላው ልክ

የብስክሌትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፍጥነትና ስለ ውድድር አብዝተው ቢናገሩም፥ የነጂውን አካል ከመንገድ መናወጥ ለመጠበቅ፥ የእግሩንም ኀይል ከብክነት ለማዳን ጠቢባን የደከሙት ድካም ከዚያ ያላነሰ ክብር ይገባዋል። ጥያቄው ከተራራ ብስክሌት መወለድ እጅግ ይቀድማል። ጎማ ሁሉ ድፍን በነበረበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1885፥ በለንደን ከተማ ሊንሊና ቢግዝ የተባሉት ሠሪዎች «ዊፔት» የሚባለውን ባለሞላ ብስክሌት ሲያወጡ፥ ቸርኬዎቹ በጠጠር ላይ ቢዘሉም በኮርቻው፥ በመሪውና በፔዳሉ መካከል ያለው ርቀት እንዳይለዋወጥ ሦስቱን በአንድ ጽኑ ማዕዘን አስተሳስረው ከቀረው ቴላዮ በሞላ ለዩአቸው።

ይህ ብልሃት ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በ1888 በቤልፋስት የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በአየር የሚነፋውን ጎማ በስሙ ባስመዘገበ ጊዜ፥ ክብደትና ዋጋ የሚያበዛው ሞላ ተፈላጊነቱ እየቀነሰ ሄዶ፥ ብስክሌት ሠሪዎች መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በአብዛኛው ዘነጉት።

እንደገና ያስታወሳቸው ተራራ ነው። በካሊፎርኒያ፥ በማሪን አውራጃ፥ ከ1976 ጀምሮ ወጣቶች ባለወፍራም ጎማ አሮጌ ብስክሌቶችን ይዘው «ሪፓክ» በተባለው፥ 400 ሜትር ያህል በሚያዘቀዝቀው የአቧራ መንገድ ሲሽቀዳደሙ፥ የኋላው ፍሬን እጅግ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጤሰ ያልቅ ነበርና ከውድድሩ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ይሆን ነበር። ከዚህ የተወለደው የተራራ ብስክሌት በመጀመሪያ ሞላ አልነበረውም፤ ፖል ተርነር በአየርና በዘይት የሚሠራውን «ሮክሾክስ» የተባለ የፊት ሹካ በ1990 ገደማ ለገበያ ሲያቀርብ የፊት ቸርኬ ዕረፍት አገኘ። የኋላው ግን ይልቁን አስቸጋሪ ነበር፤ ነጂው ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር የሚወጠረው ሰንሰለት ቸርኬውን የያዘውን ክንድ እየሳበ ሞላውን ያዋዥቀዋልና። ኦስትርያዊው ሆርስት ላይትነር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው መፍትሔ አንዱን ማጠፊያ ከኋላ ቸርኬው እምብርት ወደ ፊትና ዝቅ አድርጎ ማኖር ሲሆን፥ በዚህም የሰንሰለቱና የፍሬኑ ኀይል የሞላውን ሥራ ማወኩ በእጅጉ ቀነሰ።

በዚያ ዘመን ከተሠሩት በአንዳንዶቹ፥ ሞላውን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ በቀዳዳዎቹም መካከል ያለችው ጥቂት ርቀት ብዙ ነገር ትወስናለች። ሞላው 38 ሚሊ ሜትር የሚያጥር ቢሆን፥ ቸርኬው የዚህን 2.5 እጥፍ ሲሄድ 95፥ 3 እጥፍ ሲሄድ 114 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ቡሎኑን ወደ ማጠፊያው ያስጠጋ ሰው ቸርኬው የሚሄደውን ርቀት ይጨምራል፤ ነገር ግን በመፈንቅል ሕግ መሠረት የነጂው ክብደት በሞላው ላይ ይበረታበታልና የጠነከረ ሞላ ያሻዋል። ስለዚህ ቀዳዳ የለወጠ ሰው በኮርቻው ላይ ተቀምጦ፥ ሞላው ሊያጥር ከሚችለው ልክ ሩብ ያህል ብቻ ማጠሩን በማስመሪያ ማረጋገጥ ይገባዋል፤ በሞላ ፈንታ ብርድ ሲነካው የሚደድር የጎማ ድብልብል ያለበት እንደ ሆነም፥ ልኬቱን በሚነዳበት አየር መውሰድ አለበት።

ቸርኬው ለመንገዱ ይታዘዝ ዘንድ ምን ያህል ነጻነት ይሰጠው፥ የእግርስ ኀይል እንዴት ይጠበቅ የሚለው የ1885 ጥያቄ እስከ ዛሬ ያው ነው። አሮጌ ብስክሌት የሚያድስ ሰው ትልቁን ቁጥር ከመሻት ይልቅ ለክብደቱና ለመንገዱ የሚስማማውን ልክ ቢመርጥ፥ የቀደሙት ሠሪዎች የጀመሩትን አሳብ በሚገባ ይፈጽማል።